ዌድ የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው

(ይህን ንግግር ያደረግሁት ለአንድ የሰፈር የወጣቶች ንባብ ክበብ ነው። ጽሑፉን ስናገር ከነበረው ብዙም አልቀየርኩትም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስላሳዘነኝ መጽሐፍ ነው። የማይረባ መጽሐፍ ብዙ አንብቤያለሁ፣ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ከሱ በፊት የመጣውን በጣም ስለምወደው ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሬዲ ፕሌየር ዋን ይባላል። ኧርነስት ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ነው የጻፈው፣ የወጣው በ2011 ነው። ተከታዩ ሬዲ ፕሌየር ቱ ደግሞ በኖቬምበር 2020 ወጣ። በመሃል፣ በ2018፣ ስቲቨን ስፒልበርግ የመጀመሪያውን ፊልም አድርጎታል። ብዙዎቻችሁ ያያችሁት ፊልሙን እንደሆነ እገምታለሁ። ፊልሙና መጽሐፉ በብዙ ነገር ስለሚለያዩ እኔ የማወራው ስለ መጽሐፎቹ ብቻ ነው። ታሪኩንም እስከ መጨረሻው እናገራለሁ፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ለአዋቂ አንባቢ ተብሎ ነው። ወጣቶች ግን የራሳቸው አደረጉት። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በየዓመቱ፣ ለአዋቂ ከተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚስቡ 10 መጻሕፍት ይመርጣል። አሌክስ ሽልማት ይሉታል። በ2012 ከተመረጡት አንዱ ይሄ ነበር። ስለዚህ ይሄ መጽሐፍ የእናንተ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

እኔ ያነበብኩት አክስቴ ቤት ስኖር ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር፣ እኛ ሰባት ነበርን። ፍራሼን የማነጥፈው በሩ ሥር ነው። ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ በላዬ ተሻግሮ ነበር የሚያልፈው። እና አንድ ማታ መጽሐፉን ስከፍት ዌድ ዋትስ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ አገኘሁ። ወላጆቹ ሞተዋል። የሚኖረው ኦክላሆማ ሲቲ፣ አክስቱ ዘንድ ነው። ቤታቸው እነዚያ በመኪና የሚጎተቱት ትሬይለር ቤቶች አሉ አይደል፣ ከነሱ አንዱ ነው። ቦታ ስለጠፋ አንዱን ባንዱ ላይ እየጫኑ እንደ ፎቅ ቆልለዋቸዋል። በአንዷ ትሬይለር ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ይኖራል። ዌድ የሚተኛው በልብስ ማድረቂያ ማሽኑና በግድግዳው መሃል፣ ጥግ ላይ ተሸጉጦ ነው።

በላዩ ሰው የሚሻገርበት ልጅ ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። መብራቱን አጥፋ እያሉ ከውስጥ ሲጮሁ በስልክ ባትሪ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ዌድ መደበቂያ አለው። የተጣሉ መኪናዎች ተከምረው በቀሩበት ቦታ፣ ከክምሩ ሥር የተቀበረች አሮጌ ቫን። ቀጭን ልጅ ስለሆነ በጠባብ ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አለው፣ አሮጌ ላፕቶፕ አለው፣ ትምህርት ቤቱ የሰጠው መነጽርና ጓንት አለው። መብራት የለም። ስለዚህ ባትሪውን የሚሞላው ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት እየረገጠ ነው። እስቲ አስቡት፣ ወደ ምናባዊው ዓለም ለመግባት መጀመሪያ በእግሩ መብራት ማመንጨት አለበት። ያ ዓለም ኦኤሲስ ይባላል። ትምህርት ቤቱም ጓደኞቹም እዚያ ናቸው። እውነተኛ ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸው ጓደኞች።

ኦኤሲስን የፈጠረው ጄምስ ሃሊዴይ የሚባል ሰው ነው። ሲሞት ልጅም ዘመድም የለውም። በዚያ ሰፊ ዓለም ውስጥ ሦስት ቁልፎች ደብቄያለሁ፣ ሁሉንም አግኝቶ እስከ መጨረሻው የደረሰ ሰው ሀብቴን ይውረስ ብሎ ተናዘዘ። ሀብቱ ከ240 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ዓለም ሁሉ ፈለገ። አንድ ትልቅ ኩባንያም በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ቀጥሮ ፈለገ። የመጀመሪያዋን ቁልፍ እንኳ ያገኘ የለም።

አሁን ከመጽሐፉ በጣም የምወዳትን ነገር ልንገራችሁ። በኦኤሲስ ውስጥ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ለመሄድ ይከፈላል። ዌድ ሳንቲም የለውም። የሚማርበት ፕላኔት ሉደስ ላይ ቀርቷል፣ ሌሎቹ ሩቅ ሩቅ ቦታ ሄደው ሲፈልጉ እሱ የትም መሄድ አይችልም። የታክሲ ሒሳብ አጥታችሁ ጓደኞቻችሁ ሲሄዱ ሰፈር የቀራችሁበትን ቀን አስታውሱ። ያው ነው። እና ቁልፏ የት ተገኘች? እዚያው ሉደስ ላይ። ሃሊዴይ ሆን ብሎ ነው እዚያ የደበቃት፣ ተማሪ ሊያገኛት በሚችልበት ቦታ። ሀብታሞቹ አልፈዋት ሄደዋል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

መጽሐፉ ፍጹም ነው አልልም። ስለ 1980ዎቹ የአሜሪካ ፊልምና ጌም ብዙ ያወራል፣ ግማሹን እኔ አላውቀውም። ግን አልከበደኝም። ለምን መሰላችሁ? ያ ሁሉ ዕውቀት የዌድ ጥሪት ነበር። ሃሊዴይ የወደደውን ሁሉ፣ ቁልፎቹን ለማግኘት ይረዳኛል ብሎ፣ በዚያች ቫን ውስጥ ብርድ እየመታው ደጋግሞ አይቶ ያጠራቀመው ነው። ገንዘብ የሌለው ልጅ ያለው ጊዜና ጭንቅላት ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ አንድ ነገር ባስታወሰ ቁጥር እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ የማላውቀው ፊልም ቢሆንም።

ሲያልቅ ዌድ ያሸንፋል። ሃሊዴይ በሕይወት እያለ ያስቀመጠው ምስል ብቅ ይልና አንድ ቀይ ቁልፍ ያሳየዋል፣ ከተጫነው ኦኤሲስ ለዘላለም የሚጠፋበት። ከዚያ ይመክረዋል። እኔ ዕድሜዬን እዚህ ተደብቄ ጨረስኩ፣ አንተ እንዳታደርገው፣ ደስታ ያለው እውነተኛው ዓለም ውስጥ ነው ዓይነት ነገር። ከዚያ ዌድ ሳማንታን በአካል ያገኛታል። በጨዋታው ውስጥ አርቴሚስ ሆና የሚያውቃት፣ የሚወዳት ልጅ ናት። አጠገቧ ተቀምጦ፣ ወደ ኦኤሲስ መመለስ አላሰኘኝም ይላል። መጽሐፉ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔም ከጎኑ የተቀመጥኩ ያህል ሆኖ ተሰማኝ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ ተቀምጧል፣ ልጆች በስክሪን ይማራሉ፣ ሰው ለቅሶም ሠርግም በስልክ ያያል። ሁላችንም ዌድን ሆነናል ማለት ይቻላል። ልክ በዚያ ሰዓት ተከታዩ ወጣ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር። ውጭ አገር ያለች ጓደኛዬን ለምኜ አስመጣሁት።

መጽሐፉ ሲከፈት ዌድ የሚነግረን ምን መሰላችሁ። ካሸነፈ በኋላ ከኦኤሲስ ርቆ የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው።

ዘጠኝ ቀን!

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደተናደደ አውቃለሁ። እኔ ግን አልተናደድኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሲጋራ ተውኩ፣ ጫት ተውኩ ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ያሰማ፣ በሳምንቱ ደግሞ ጥግ ይዞ ያገኛችሁት ሰው የለም? አለ። ሁላችንም ቤት አለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ የሚያምር ስንብት ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ሱስ በስንብት አይለቅም ሊለን ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እውነተኛ መጽሐፍ ሊሆን ነው አልኩ።

በአሥረኛው ቀን ዌድ የሃሊዴይን ድብቅ ዕቃ ያገኛል። ኦኒ ይባላል። ጭንቅላት ላይ የሚደረግ ነው፣ በቀጥታ ከአእምሮ ጋር ያገናኛል። በመነጽር ማየትና በጓንት መዳሰስ ቀረ። ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ፣ ሁሉም እንደ እውነተኛው። የሌላን ሰው የተቀዳ ሕይወት ራስህ እንደኖርከው አድርገህ መኖር ትችላለህ። ገደብ አለው፣ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ከተጠቀምክ አእምሮህን ይጎዳል።

ዌድ ሀብቱን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተካፍሏል፣ ስለዚህ ይሄን ዕቃ ለዓለም እንልቀቀው ወይስ አንልቀቀው ብለው አራቱ ድምፅ ይሰጣሉ። ዌድ፣ ኤች እና ሾቶ ይለቀቅ አሉ። ሳማንታ ብቻ አይሆንም አለች። ሰው በእውነተኛው ዓለም እየተራበ ነው፣ ይሄን ከሰጠናቸው ከናካቴው አይመለሱም አለች። ሦስት ለአንድ ተሸነፈች። ዌድንም ተወችው።

እዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያው የሚበልጥ መጽሐፍ ዘር እዚህ ገጾች ውስጥ አለ። አንድ የተራበ ልጅ ጠገበ። በእኛ ቋንቋ ጠገበ ስንል ሆዱ ሞላ ማለታችን ብቻ አይደለም አይደል? ጥጋበኛ የሚባል ሰው አለ። ሰው የማይሰማ፣ ከኔ በላይ ማን አለ የሚል፣ ትናንት የት እንደነበረ የረሳ። ዌድ እንደዚያ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ የሰደቡትን ሰዎች የግል መረጃቸውን በባለቤትነት ሥልጣኑ ከፍቶ እያየ፣ አቫታራቸው፣ ማለትም በኦኤሲስ ውስጥ እነሱን የሚወክለው ምስል፣ ያለበት ድረስ ሄዶ ይገድላቸዋል። በኦኤሲስ አቫታር መሞት ማለት ለዓመታት ያጠራቀምከው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥፋት ማለት ነው። ለአንዳንዱ ደሃ ልጅ ያለው ሀብት ያ ብቻ ነው። ዌድ ራሱ ያውቃል፣ በዚያች ቫን ውስጥ የነበረው ሀብት ያ ብቻ ነበር።

ቆይ ክላይን፣ አንድ ገጽ እዚህ ላይ ቁም። አንዱን ልጅ አሳየን። አቫታሩ የጠፋበትን አንድ ልጅ፣ መነጽሩን አውልቆ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ አሳየን። ዌድ ፊቱን ይየው። አያየውም። መጽሐፉ ነገሩን በፍጥነት ይነግረንና፣ ሰዎች ስለተቆጡ ተውኩት ይልና፣ ያልፋል። እኔን የከፋኝ ይሄ ነው። ጸሐፊው የጀግናውን ጥፋት አይቶታል። ደብቆትም አይደለም፣ በዌድ አፍ አናግሮታል። ግን ዋጋ አላስከፈለውም። ተጸጸተ፣ አዘነ፣ በቃ ወደ ሀብት ፍለጋው እንሂድ።

አዎ፣ እንደገና ሀብት ፍለጋ ነው። ሃሊዴይ ሌላም እንቆቅልሽ ትቷል፣ ሰባት ስብርባሪዎች የሚሰበሰቡበት። በመጀመሪያው መጽሐፍ ማንም ድሃ ሊያገኘው የሚችል ነበር፣ አስታውሱ። በዚህኛው ስብርባሪዎቹን ማንሳት የሚችለው የሃሊዴይ ወራሽ ብቻ ነው። ማለትም ዌድ ብቻ። በሩ ለሌላው ተዘጋ።

እና ዌድ ለዓመታት ፈልጎ አንዷን እንኳ አላገኘም። ስለዚህ ላገኘልኝ ሰው አንድ ቢሊዮን ዶላር ብሎ አስነገረ። አገኘችለት። ሎሄንግሪን የሚል ስም ያላት ወጣት ናት፣ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሆና ስትፈልግ የኖረች። ዌድን እንደ ጀግና እያየች ያደገች ልጅ። የዓለም ሀብታሙ ሰው ያቃተውን እሷ ፈታችው።

ይሄኔ በደስታ ገጹን መታሁት። መጣች አልኩ። አዲሷ ዌድ መጣች! የአሁኑ ዌድ ደግሞ ሳያውቀው ሃሊዴይን ሆኗል፣ ብቸኛ፣ ሀብታም፣ በራሱ ዓለም የተቆለፈ። ታሪኩ ከዚህ በኋላ የሷ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ዌድ ምን አደረገ? የግል ፋይሏን ከፈተ። ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር፣ ለማንም ያልነገረችውን የግል ጉዳይዋን ሳይቀር አነበበ። ሳያስፈቅዳት። ከዚያ ቢሊዮኗን ከፈላት። ከዚያ በኋላ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው፣ ለእርዳታ ስትፈለግ።

እስቲ ይሄንኑ ታሪክ በሷ ዓይን አስቡት። እኔ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ልጅ ሆነሽ ስሙን ስትሰሚ ያደግሽው ሰው አለ። እሱ ከቻለ እኔም እችላለሁ ብለሽ ስንት ሌሊት ሳትተኚ ቆይተሻል። አንድ ቀን እሱ ፊት ቆምሽ። ልብሽ እየመታ ያገኘሽውን ታሳዪዋለሽ። እሱ ደግሞ አንቺ እያወራሽ እያለ ፋይልሽን ከፍቶ እያነበበ ነው። አንድ ቀን ይሄን ብታውቂ ምን ታደርጊያለሽ? በሰጠሽ ገንዘብ ምን ትሠሪያለሽ? ዝም ትያለሽ ወይስ ትገጥሚዋለሽ? ሬዲ ፕሌየር ቱ ይሄ መሆን ነበረበት። መጽሐፉ ውስጥ ልጅቱ አለች፣ ጥፋቱም አለ፣ ሥልጣኑም አለ። የቀረው ብዕሩን ለሷ መስጠት ብቻ ነበር።

ከሎሄንግሪን የባሰችብኝ ግን ኪራ ናት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሡኝ።

ኪራ በልጅነቷ ከእንግሊዝ መጥታ ከሃሊዴይና ከጓደኛው ከኦግደን ሞሮው ጋር የተዋወቀች ሴት ናት። ሃሊዴይ ወደዳት። እሷ የወደደችው ኦግን ነው፣ ያገባችውም እሱን። ሃሊዴይ ዕድሜ ልኩን አልወጣለትም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ይሄ የሚያሳዝን ታሪክ ነበር፣ አፉን ከፍቶ መናገር ያቃተው ሰው ታሪክ። በሁለተኛው ምን እንዳደረገ እናውቃለን። አዲስ የሠራሁትን ዕቃ ሞክሪልኝ ብሎ ጭንቅላቷ ላይ አደረገላት። ሳታውቅ አእምሮዋን ቀዳው። ትዝታዋን፣ ፍቅሯን፣ ሁሉን። እምቢ ያለችውን ሴት ግልባጭ ለራሱ ሠራ። ኪራ በመኪና አደጋ ሞተች፣ ግልባጯ ግን እሱ ዘንድ ቀረች። ሰባቱ ስብርባሪዎች እሷ ናቸው።

ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ትንሽ ተራመድኩ። ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

ዌድ አንዷን ስብርባሪ በነካ ቁጥር ለጥቂት ሰከንድ ኪራ ይሆናል። በዓይኗ ያያል፣ የሷ እጅ የሱ እጅ ነው። የመጽሐፉ ምርጥ ነገር ይሄ ነው፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። አንድ ሰው የሌላውን ሰው ሕይወት ከውስጥ ሲያይ ምን ይሆናል? ግን እነዚያ ቦታዎች ስንት መስመር መሰላችሁ? ጥቂት ጥቂት ናቸው። ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ወዲያው ወደሚቀጥለው ፕላኔት እንሮጣለን።

በመጨረሻ ግልባጯ ነፍስ ዘርታ ትናገራለች። ሃሊዴይ ትዝታዋን ከውስጥ ካየ በኋላ ኦግን እንዴት እንደምትወደው ተረድቶ፣ ተጸጽቶ እንደነበር ትነግረናለች። እሺ፣ ተጸጸተ። ታዲያ ምን አደረገ? ኦግ ባሏ ነው፣ በሕይወት አለ። ለሱ አልነገረውም።  ሰባት ቦታ ሰባብሮ ደበቃትና ለማያውቃት ወራሽ ሽልማት አደረጋት! ሌባ ተጸጸተ ብለን ስንጽናና፣ የሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ ሳይሆን ለሌላ ሰው በኑዛዜ እንዳወረሰው ሰማን ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ አንድም ሰው የለም። ዌድ አይጠይቅም። ኪራ ራሷ፣ ከማንም በላይ የተበደለችው፣ በእርጋታ ታስረዳለች እንጂ አትቆጣም። እኔ እንድትጮህ ፈልጌ ነበር። አንድ ገጽ ብቻ።

ጥፋቱን ማን እንደተሸከመው ታውቃላችሁ? ማሽኑ። አኖራክ የሚባል የሃሊዴይ ግልባጭ አለ፣ ሰው ሠራሽ አእምሮ። እሱ ነው ክፉው። ኦግን ያግታል፣ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የኦኒ ተጠቃሚዎችን እንዳይወጡ ይቆልፍባቸዋል፣ 12 ሰዓቱ ካለፈ ሊሞቱ ነው። ስብርባሪዎቹን አምጣልኝ ይላል። በአንድ በኩል ጥሩ ውጥረት ነው፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። በሌላ በኩል ግን ሃሊዴይን ነፃ አወጣው። እሱ የሠራውን ሁሉ አሁን ግልባጩ ሠራው ይባላል። ዌድንም ነፃ አወጣው። ኦኒን ለዓለም የለቀቀው እሱ ነው፣ ሳማንታ አስጠንቅቃዋለች፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች የታገቱት በሱ ድምፅ ነው። ክፉ ማሽን ሲመጣ ግን እሱ እንደገና አዳኝ ሆነ።

ስለ ፕላኔቶቹ ብዙ አልልም። አንዱ የጃፓን የድሮ ጌም ነው፣ አንዱ የ1980ዎቹ የአሜሪካ የወጣት ፊልሞች ከተማ፣ አንዱ የዘፋኙ ፕሪንስ ዓለም፣ አንዱ የደራሲው የቶልኪን ምናባዊ ዓለም ጥንታዊ ዘመን። ዝርዝሩ አያልቅም። የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል ነው ነገሩ። እና በየቦታው መልሱን የሚያውቅ ጓደኛ አጠገቡ አለ። የፊልሞቹን ከተማ ሳማንታ በልቧ ታውቀዋለች፣ የፕሪንስን ኤች ታውቀዋለች። ዌድ ይከተላል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ዕውቀት የረሃብ ፍሬ ነበር አልኳችሁ፣ እዚህ ግን ለጠገበ ሰው የሚቀርብ ነው። አንዲት ቦታ ብቻ አንጀቴን በላችው። ኪራና ኦግ ለልጆች በነፃ የሠሩት የትምህርት ፕላኔት አለ፣ ዌድ ሕፃን ሆኖ የተማረበት። ወደዚያ ሲመለስ ያ የድሮው ልጅ ለአፍታ ብቅ ይላል። ቶሎ ግን ይሄዳል።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። ዌድና ሁለቱ ጓደኞቹ ከምድር የሚሸሹበት መርከብ ሲሠሩ ነበር፣ ወደ ሌላ ኮከብ የሚሄድ። ሳማንታ ያኔም ተቃውማለች፣ ገንዘቡን እዚሁ የተራበ እናብላበት ብላ፣ የራሷን ድርሻም ለዚያ አውላዋለች። በመጨረሻ መርከቡ ይሄዳል፣ የሚሄዱት ግን ሰዎቹ ሳይሆኑ የአእምሯቸው ግልባጮች ናቸው። ታሪኩን የሚነግረንም ከነሱ አንዱ፣ የዌድ ግልባጭ ነው። ደስተኛ ነው። የማይሞት፣ የማይራብ፣ በምናብ ዓለም ውስጥ ለዘላለም።

ሃሊዴይ ምን ብሎ ነበር የመከረው? እዚህ ተደብቀህ አትቅር ብሎት አልነበር? መጽሐፉ ይሄን ምክር አልተከራከረውም፣ ተሳስተሃል አላለውም። በቃ ረሳው። እኔም በዚያች ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ያነበብኩትን መጨረሻ አስታውሼ፣ ያ ልጅ የት ሄደ አልኩ።

አንዳንዱ ሰው፣ ለልብ ወለድ ይሄን ያህል ምን አስጨነቀህ ይለኛል። እሺ፣ ልንገራችሁ። ፌስቡክ ኦኩለስ የሚባለውን የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ኩባንያ በ2014 ገዛ፣ በ2021 ደግሞ የኩባንያውን ስም ሜታ ብሎ ቀየረ። ኒውራሊንክ የሚባለው የኢሎን መስክ ኩባንያ በ2024 መጀመሪያ ላይ ሰው አእምሮ ውስጥ ቺፕ ቀበረ። ለታመመ ሰው ትልቅ ተስፋ ነው፣ እጁን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በሐሳቡ ኮምፒውተር ያዝዛል። ግን የሰው አእምሮ ውስጥ ያለው የማን ነው የሚለው ጥያቄ አሁን የተረት ጥያቄ አይደለም። የእናንተ ጥያቄ ነው። ይሄ መጽሐፍ ደግሞ ያንን ጥያቄ በእጁ ይዞት ነበር። ሳታውቅ የተቀዳች ሴት፣ ሳታውቅ ፋይሏ የተከፈተ ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው በሦስት ሰው ድምፅ ሕይወታቸው የተቀየረ ሚሊዮኖች። በወጣቶች እጅ የሚገባ፣ የሚነበብ፣ የሚወደድ መጽሐፍ ነበር። ለዚህ ነው የምቆጨው።

ከእናንተ መካከል የሚጽፉ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ባለፈው ወር ሁለታችሁ ያነበባችሁልንን አልረሳሁም። ባሳዘናችሁ መጽሐፍ ውስጥ ችላ የተባለ ሰው ፈልጉ። ሎሄንግሪንን ውሰዷት። ወይ ደግሞ አቫታሩ የጠፋበትን ያን ስም የሌለውን ልጅ። ስሙን፣ አገሩን፣ ሁሉን ቀይሩት፣ የራሳችሁ አድርጉት። አንድ ገጽም ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ ይዛችሁ ኑ፣ እኔ አነባለሁ።

ሁለቱንም መጽሐፎች ይዤ መጥቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ሽፋኑ ተቀድዷል፣ ብዙ እጅ ስላለፈበት ነው፣ ፕላስተር ያደረግሁበትን እንዳትነቅሉት። ሁለተኛውንም የሚፈልግ ይውሰደው፣ አልከለክልም፣ አንብባችሁ ብትከራከሩኝ ደስ ይለኛል። ኪራ ያለችባቸውን ገጾች በቢጫ ወረቀት ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ዘጠኝ ናቸው።